ኳሷን ከልጆቹ ትከሻ በታች እናውርዳት

ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለቴኒስ ተማሪዎቻችን የጋራ የመለማመጃ ዕቃ ሳጥን ልናዘጋጅ ነውና እጃችሁን ዘርጉልን።

ለምን መሰላችሁ? አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሲለማመድ ቆም ብላችሁ እዩት። መደበኛዋ ቢጫ ኳስ ከ254 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ ቢያንስ 135 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለባት፤ ሕጉ ነው። ልጁ ራሱ ገና እዚያ አልደረሰም! ኳሷ ነጥራ በአናቱ ላይ ታልፋለች። እሱም ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ራኬቱን ያወናጭፋል። ትንሽ ቆይቶ «ቴኒስ አይሆነኝም» ብሎ ይቀራል። ጥፋቱ ግን የኳሷ እንጂ የእሱ አይደለም።

ለልጆች ተብለው የሚሠሩ፣ ዝግ የሚሉና ዝቅ ብለው የሚነጥሩ ኳሶች አሉ፤ በቀለማቸው ይለያሉ። ቀይዋ ኳስ ከመደበኛዋ በ75 በመቶ፣ ብርቱካንማዋ በ50፣ አረንጓዴዋ በ25 በመቶ ገደማ ትዘገያለች። ቀይዋን የሚጫወቱባት ሜዳም ርዝመቷ 11 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ የሙሉው ሜዳ 23.77 ሜትር ነው። ይሄ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በመደበኛዋ ኳስ እንዳይወዳደሩ ደንግጓል።

ሳጥኑ ውስጥ ቀይና ብርቱካንማ ኳሶች፣ ተጣጣፊ አጭር መረብ፣ አጫጭር ራኬቶች፣ ኮኖችና መሬት ላይ የሚነጠፉ የጎማ መስመሮች ይኖራሉ። በላስቲክ የታሰረችውን ኳስ ሁለት ብቻ እንይዛለን። ብቻውን ለሚለማመድ ልጅ ጥሩ ናት፤ ግን ሁሌም በአንድ መንገድ ስለምትመለስ ኳስ ማንበብን፣ ማለትም ወዴት እንደምትመጣ ቀድሞ ማየትን፣ አታስተምርም።

እኔ በጣም የምወደው ግን ረጅም ካልሲ ነው። አትሳቁ! አሮጌ ኳስ ጫፉ ውስጥ ይከተትና ተማሪው ሰርቭ (ጨዋታ የሚጀመርበትን ከአናት በላይ የሚመታ ምት) እንደሚመታ ያወዛውዘዋል። ክንዱ መሃል ላይ ከቆመ ካልሲው ይተጣጠፋል። ሳያቋርጥ ከሄደ ተወጥሮ ይዞራል። እኔ «ክንድህን አታቁም» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ከምለፈልፍ ካልሲው ቶሎ ያስረዳዋል።

«የኳስ መወርወሪያ ማሽን ለምን አንገዛም?» ያላችሁን ሰምተናል። ደስ ይላል፣ ግን አሁን አይደለም። ማሽኑ ፊት አንድ ልጅ ሲመታ ሌሎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሰልፍ ደግሞ ማንንም ቴኒስ አስተምሮ አያውቅም።

ገንዘብ የምትሰጡን ካላችሁ መጀመሪያ የሚገዛበት ቀይ ኳስና አጭሩ መረብ ነው፤ እነሱ በየቤቱ አይገኙም። የገባውና የወጣው ተጽፎ ሜዳው ላይ ይለጠፋል። ሳጥኑ የማንም የግል አይሆንም፤ አሰልጣኝ ሁሉ ፈርሞ ይወስዳል፣ ቆጥሮ ይመልሳል።

ገንዘብ ከሌላችሁ ልጆቻችሁ አድገው ያጠሩባቸውን ራኬቶች አምጡ፤ የተሰነጠቀ ግን አንቀበልም። የሞቱ ኳሶችንም አትጣሉ። ማሸጊያዋ ከተከፈተ በኋላ ኳሷ ቀስ በቀስ ግፊቷን ታጣለች፤ ለእናንተ ብትሞትም ዝቅ ብላ ስለምትነጥር ለጀማሪ ትመቻለች።

ሁሉንም በልምምድ ቀን፣ ልጆቹ ሳይጀምሩ፣ ሜዳው መግቢያ ላይ እንረከባለን። ካልሲው ግን እባካችሁ ታጥቦ ይምጣ።