የፒተር ፓንን ስም ያጠፋው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዚህ የአንባቢያን ዓምድ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ የታወቁ የልጆች ታሪኮችን መነሻ አድርገው ለወጣቶች የሚደረሱ ምናባዊ ልብ ወለዶች «ንጹሑን ተረት ያደፈርሳሉ» ሲሉ ያቀረቡትን ቅሬታ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለመጻሕፍት የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ይታወቃል፤ ቅሬታቸውም ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ይሁን እንጂ ተደፈረሰ የተባለው ንጹሕ ተረት በአብዛኛው በመጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን በትዝታችን ውስጥ ብቻ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በዚሁ ዓምድ መልስ እንድሰጥ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከቤቴ ልጀምር። የአሥራ ስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ የማያድገውን ልጅ የፒተር ፓንን ታሪክ ከጠላቱ ከባሕር ወንበዴው ከካፒቴን ሁክ ወገን ሆኖ የሚተርክ አንድ አዲስ ልብ ወለድ ስታነብ ቆይታ፣ አንድ ቀን ጣቷን በገጾቹ መካከል እንዳስገባች ወደ እኔ መጣችና «ጋሼ፣ ይቺ ደራሲ የፒተር ፓንን ስም አጠፋችው!» አለችኝ። ምን ብላ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ ፒተር ዕድሜያቸው እየገፋ የመጡትን ልጆች እንደሚያስወግድ የሚናገረውን ቦታ አሳየችኝ። እርሷ በልጅነቷ ያነበበችው ባለ ሥዕል አጭር ቅጂ ነበር፤ በዚያ ውስጥ ፒተር የሚበርር፣ የሚስቅና የባሕር ወንበዴዎችን ድል የሚነሣ ልጅ ከመሆን በቀር ሌላ ነገር የለበትም።

የፒተር ፓን ደራሲ ጄምስ ባሪ በ1911 ያሳተመውን ሙሉውን ልብ ወለድ ከመደርደሪያ አውርጄ አምስተኛውን ምዕራፍ ገልጬ ሰጠኋት። በዚያ ምዕራፍ፣ ከፒተር ጋር በደሴቲቱ የሚኖሩት ልጆች ቁጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለ መለዋወጡ በሚያወራ አንድ ዓረፍተ ነገር መካከል፣ ልጆቹ ማደግ የጀመሩ ሲመስል፣ ማደግ ከሕጉ ውጭ ነውና፣ ፒተር ቁጥራቸውን እንደሚቀንስ ተጽፏል። የእንግሊዝኛውን ቃል ወደ አማርኛ ስመልሰው ያገኘሁለት የቅርብ ቃል «ያሳሳቸዋል» የሚለው ነው፤ ገበሬ ተጠጋግቶ የበቀለ ቡቃያን እየነቀለ እንደሚያሳሳው ማለት ነው። (ልጅቱ መጀመሪያ «ያሳስታቸዋል» ያልሁ መስሏት ነበር፤ ምነው በሆነ!) እንዴት እንደሚያሳሳቸው ደራሲው አይናገርም። ቆም ብሎም አያዝንም፤ ዝናብ ጣለ ብሎ እንደሚያልፍ ሰው ወደሚቀጥለው ነገር ይሻገራል። የእህቴ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ታዲያ ስሙን ያጠፋው የገዛ ደራሲው ነዋ» አለች።

ከዋናው መጽሐፍ አፈነገጠ ተብሎ የሚከሰስ አዲስ ልብ ወለድ፣ ዋናውን ከከሳሾቹ በተሻለ ትኩረት ያነበበ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሁክ ፒተርን የሚጠላበት ምክንያትም ኋላ ላይ የተፈጠረ አይደለም፤ ቀኝ እጁን ቆርጦ ለአዞ የወረወረበት ፒተር ራሱ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ወደ ደሴቲቱ አብራው በርራ የነበረችው ዌንዲ የድሮውን ጠላታቸውን ስታነሣበት፣ ፒተር ሁክ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃታል፤ ሰዎችን ከገደላቸው በኋላ እንደሚረሳቸውም ይነግራታል። ወዳጁ የነበረችውን ትንሿን ባለ ክንፍ ፍጥረት ቲንከር ቤልንም ረስቷታል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ዌንዲ እንደገና ትበርር እንደ ሆነ ለማወቅ ይቸኩላል። የአሥራ ስድስት ዓመት አንባቢ ግን እዚያው ላይ ትቆማለች፤ የማይረሳና የማያድግ ልጅ ሊኖር ይችል እንደ ሆነ፣ ወይስ ሳያድግ ለመቅረት የግድ መርሳት ያስፈልግ እንደ ሆነ ትጠይቃለች። ለወጣቶች የሚጻፈው አዲስ ትረካ ቦታው እዚህ ነው። ልጅነቱን ገና ትናንት የተለየው ሰው ወደ ልጅነቱ መጽሐፍ ተመልሶ፣ ያን ጊዜ ሊጠይቀው ያልቻለውን ጥያቄ የሚጠይቅበት ሥራ ነው።

«ዋናው» የምንለውስ የትኛው ነው? ፒተር ፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1902 ለአዋቂዎች በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ውስጥ የሰባት ቀን ሕፃን ነው። በ1904 ታኅሣሥ ወር ማብቂያ ላይ ለንደን ውስጥ በቴአትር መድረክ ላይ ወጣ፤ በ1911 ልብ ወለድ ሆነ፤ የቴአትሩ ጽሑፍ በመጽሐፍ መልክ የታተመው ደግሞ በ1928 ነው። ባሪ ራሱ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሲለዋውጠው ኖሯል። ተረት ሰብሳቢዎቹ ጀርመናውያን ግሪም ወንድማማቾችም እንዲሁ ናቸው። በ1812 ባሳተሙት የመጀመሪያ ቅጂ በረዷማዋን ልዕልት (ስኖው ዋይትን) ልታስገድል የላከችው የወለደቻት እናቷ ነበረች፤ በ1819 ቅጂ ግን እናቲቱ ሞታ በቦታዋ እንጀራ እናት ገባች። በሁለት እትሞች መካከል በሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት እናት ከወንጀል ነጻ ወጥታ ሌላ ሴት ተተካች፤ ያን ጊዜ ተረት ተደፈረሰ ያለ ሰው መኖሩን አላነበብሁም። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው መጽሐፍ ቀይ ቆብ ያደረገችው ልጅ በተኩላ ተበልታ ታሪኩ ያልቃል፤ ሆዱን ቀድዶ የሚያወጣት አዳኝ የመጣው ከግሪሞች ጋር ነው። ፒኖኪዮ ደግሞ በ1881 በልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ሲወጣ መጀመሪያ የተጠናቀቀው እንጨቱ ልጅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ነው፤ ታሪኩ የቀጠለው አንባቢዎች ስለ ጠየቁ ነው። መካሪውን ፌንጣም በመዶሻ መትቶ የገደለው ያው ፒኖኪዮ መሆኑን፣ ፌንጣውን በፊልም ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ስለዚህ የጸሐፊውን ክስ በዚህ መልክ አልቀበለውም። ሆኖም አንድ አዲስ ትረካ ጥሩ የሚሆነው ጨለማ ስለ ጨመረ ነው ማለቴ አይደለም። መመዘኛዬ፣ አሮጌው ታሪክ ሳይመልስ ያለፈውን ጥያቄ አግኝቶ እርሱን በቅንነት ተከታትሏል ወይ የሚል ነው። ለዚህ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ ጌይል ካርሰን ሌቪን በ1997 ያሳተመችውና በዓመቱ በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ክብር ያገኘው የሲንደሬላ ትረካ ነው። በድሮው ተረት ልጅቱ ጥረጊ ስትባል ትጠርጋለች፣ አብስይ ስትባል ታበስላለች፤ ለምን እምቢ እንደማትል ማንም አይጠይቅም፤ ጥሩ ልጅ ስለ ሆነች ነው ተብሎ ይታለፋል። ሌቪን ይህን ክፍተት አየችው። በእርሷ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት አስማተኛ ፍጥረት ሕፃኗን ልትመርቅ መጥታ ታዛዥነትን ትሰጣታለች፤ ከዚያ በኋላ ልጅቱ ማንም ሰው በትእዛዝ የነገራትን ሁሉ ሳትወድድ ትፈጽማለች፤ ምርቃቱ እርግማን ይሆናል። ልጅቱ ከእርግማኑ የምትላቀቀውም ልዑሉ ሲያገባት ሳይሆን፣ ሌሎች እርሷን በማዘዝ ልዑሉን እንዳይጎዱት ፈርታ፣ አግቢኝ ሲላት በሙሉ ኃይሏ እምቢ በማለቷ ነው። ልብ አድርጉ፤ ጫማው፣ ግብዣውና ልዑሉ ሁሉም እንዳሉ ናቸው። የተነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱ ሲነካ ግን የምናደንቀው የልጅቱ ጨዋነት ከምን የመጣ እንደ ነበር እንድናስብ እንገደዳለን።

ማሪሳ ሜየር በ2012 ያወጣችው ሌላው የሲንደሬላ ትረካ ደግሞ መቼቱን ወደ ሩቅ የወደፊት ዘመን ወስዶ፣ ጀግናዋን ከፊል አካሏ ሰው ሠራሽ የሆነ መካኒክ ያደርጋታል። ከቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ የሚቀረው ጫማዋ ሳይሆን የብረት እግሯ ነው። ይህን ለቀልድ የተደረገ ለውጥ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ግሪሞች የጻፉትን አስታወሰኝ፤ በዚያ የእንጀራ እናቲቱ ልጆች ጫማው ልክ እንዲሆናቸው አንዷ ጣቷን፣ ሌላዋ ተረከዟን ቆርጠው ደሙ ያጋልጣቸዋል። ታሪኩ ከጥንትም አካልን ለሌላ ሰው ልክ ስለ መቁረጥ የሚያወራ ነበር። ይህችው ደራሲ በ2016 ስለ አሊስ ዓለም የልቦች ንግሥት ስትጽፍም ያደረገችው ተመሳሳይ ነው፤ አሊስ በተባለች ልጅ ላይ በሚያጠነጥነው የሉዊስ ካሮል የ1865 መጽሐፍ ውስጥ ንግሥቲቱ አንገት ይቆረጥ እያለች ከመጮህ በቀር ታሪክ የላትም፤ እዚህ ግን ዳቦ ቤት ልትከፍት የምትመኝ ልጅ ሆና እናገኛታለን፤ መጨረሻዋን አስቀድመን ስለምናውቅ እያንዳንዱን ምዕራፍ በሥጋት እናነባለን።

አሁን ከጸሐፊው ጋር ወደምስማማበት ልምጣ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሲሳካላቸው አስመሳዮቻቸው ይበዛሉ፤ አስመሳዮቹም ቀመር ይዘዋል። ቀመሩ ክፉውን ተበዳይ፣ ደጉን በዳይ አድርገህ ገልብጥ፣ በመካከሉ ፍቅር ጨምር፣ በሦስት ቅጽ ጨርስ የሚል ነው። ባሪ ሁክን ክፉ አድርጎም ስለ ጨዋነቱ የሚጨነቅ፣ ብቸኛና የሚያሳዝን ሰው አድርጎት ነበር፤ ቀመረኛው ደራሲ ግን ክፋቱን አጥቦ ይጥልለትና በቦታው የሚያለቅስ መልከ መልካም ወጣት ያቆማል። ክፉ ሰው ሁሉ በውስጡ ንጹሕ ከሆነ የሚፈራ ነገር አይኖርም፤ አንባቢውም ከራሱ ውስጥ የሚያውቀውን ክፋት የሚያይበት መስተዋት ያጣል።

አሳታሚዎች ወደ እነዚህ ታሪኮች የሚሮጡበት ምክንያትም ሁልጊዜ ለሥነ ጽሑፍ ካላቸው ፍቅር አይደለም። የብዙዎቹ የቅጂ መብት ዘመን አልፏል፤ የፍራንክ ባውም የ1900 የኦዝ ታሪክ በአሜሪካ ከ1956 ጀምሮ የሁሉም ሰው ሀብት ነው፤ ስሙም ያለ ማስታወቂያ ይሸጣል። (ፒተር ፓን ብቻ የተለየ ነገር ገጥሞታል። ባሪ በ1929 መብቱን ለንደን ለሚገኘው ለግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሰጥቶ ነበርና፣ በ1988 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ሆስፒታሉ በዚያች አገር ያለ ጊዜ ገደብ ክፍያ እንዲያገኝ ፈቅዷል።) ደራሲው ዋናውን አንብቦ ይሁን በፊልም ብቻ ዐውቆት እንደ ሆነ ለመለየት፣ የኦዝን ትረካዎች በተመለከተ አንድ ቀላል ፈተና አለኝ፤ የታሪኩን ጀግና የዶሮቲን ጫማ ቀለም እመለከታለሁ። በባውም መጽሐፍ ጫማው ብርማ ነው፤ ቀዩ የመጣው በ1939 ፊልም ነው። ፈተናው ፍጹም አይደለም፤ ዐውቆ ቀዩን የሚመርጥ ደራሲ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጫማው ላይ የተሳሳተ ደራሲ፣ ከጫማው የከበደው ነገር ላይ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ደርሼበታለሁ።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። በመጻሕፍት ግምገማ ገጻችሁ ላይ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ሲቀርብ፣ ገምጋሚው አዲሱን ብቻ ሳይሆን አሮጌውንም ሙሉውን እንዲያነብ፣ አዲሱ ከአሮጌው የትኛውን ገጽ ይዞ እንደ ተነሣም ቢያንስ በአንድ አንቀጽ እንዲያመለክት ብታደርጉ መልካም ነው። ገጹን ማግኘት ካልቻለ፣ ያው ግምገማው ይሆናል። ተርጓሚዎችም አዲሱን ትረካ ለመተርጎም ሲነሡ ዋናው በዚያው ቋንቋ ሳይቆራረጥ መኖሩን ቢያረጋግጡ እመኛለሁ፤ አጭሩን የልጆች ቅጂ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ፣ የእህቴ ልጅ እንደ ተሰማት ሁሉ፣ የቀረበለት ነገር ስም ማጥፋት ይመስለዋልና።

እርሷ የባሪን መጽሐፍ ባለፈው እሑድ መለሰችልኝ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ በእርሳስ አስምራበታለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ዳርቻ ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ አለ። አዲሱን ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና እያነበበችው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ