ከሃረጎ በታች ላለው ወዳጄ

ወዳጄ፣

ሰላምታው ይቆይና መጀመሪያ ስደበኝ። ሁለት ዓመት! ያውም መሐላችን የሃረጎ ተራራ ብቻ እያለ። የልጅህን ክርስትና በፌስቡክ ነው ያየሁት። ፎቶውን ያነሳው ሰው ደግሞ አደብዝዞታል፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ይቅርታውን በአካል እጨርሰዋለሁ። አሁን የማማክርህ ነገር አለኝ።

ባለፈው እሑድ ፎቶ የማነሳው ሰርግ ነበረብኝ። ውላችን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሙሽሮቹን ሐይቅ ወስጄ አነሳሁ፣ የጦሳ ተራራ ፀሐይዋን ሳይውጥብኝም ደሴ ገባሁ። 12 ሰዓት ሲሆን ኬኩ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ወሎ ነውና ማዕዱ ሁለት ነው፤ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም እኩል ካላነሳሁ ዕድሜ ልኬን እወቀሳለሁ። 3 ሰዓት ላይ የሙሽራው እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ጎረቤቶቼን በየቤተሰቡ አንሳልኝ» አሉ። ረዳቴ ፍላሹን እንዳቀፈ ስፒከሩ ላይ ተደግፎ ተኝቷል። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። የትርፉ አራት ሰዓት ተኩል ክፍያ አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ ከሁለት እንቁላል ጋር፣ በላዩም «ተባረክ»።

ወደ ቤት ያደረሰኝ ባለ ባጃጅ ግን «ሌሊት እኮ ነው» ብሎ እጥፍ ጠራ። ሳልከራከር ከፈልኩ። የነደደኝ ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። አምና እንዲሁ ያመሹብኝን ሰዎች ሂሳብ መጠየቅ አፍሬ አልበማቸውን ሁለት ወር አዘገየሁባቸው። «ማተሚያ ቤቱ ነው» አልኩ። ማተሚያ ቤቱ ምንም አላደረገም። በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር፣ እኔ ደግሞ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አንተን በዚህ እቀናብሃለሁ። ፋብሪካህ ኦቨርታይም ሲያሠራህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለልህ፤ ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በበዓል 2.5 እጥፍ። እኔ የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ያለኝ የፈረምኩት ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከናንተ ሰረቅሁ። ከአሁን ወዲያ ቀብድ ስቀበል ውሉ ላይ አሰፍራለሁ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በነፃ፣ ከዚያ በኋላ የሰዓቱ ዋጋ በአንድ ተኩል። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ለሚዜው «ልቀጥል?» እላለሁ። ሙሽራውን አልጠይቅም። በዚያች ቀን ስለ ብር ማውራት እኔንም አይሆንልኝም።

እንግዲህ... እንዴት ልበልህ። በዚህ ውል የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አክስትህ ናቸው። ለልጃቸው ሰርግ ትናንት መጥተው ነበር። «አንተ እኮ ልጃችን ነህ» ብለው ወረቀቱን ሳያነቡ ፈረሙ። ቡና እንኳ አልጠጡም። የሳቸውን ድግስ ታውቀዋለህ፣ ሳይነጋ አያልቅም።

ቀድመህ ንገርልኝ ልልህ ነበር። አይ፣ ተወው፣ እኔው እነግራቸዋለሁ። ሲደውሉልህ ግን እንዳትስቅ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ዘኒት ካሜራዋን ይዤ እመጣለሁ፤ ማን እንደሰበራት የዚያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ያው ጓደኛህ፣
ከደሴ