እንዳትታሽ ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኅትህ ሁሉንም ነገረችኝ። መተማ ላይ ሰሊጥ ስትጭን ወገብህ ቀጭ አለ። ሕመሙም እስከ እግርህ ጣት ይነዝርሃል። ለእኔ ስትደውል ግን "ደህና ነኝ" ነው። ስንት ዓመት ዎርድ ውስጥ የሠራሁ ነርስ መሆኔን ረሳኸው?

ቅዳሜ ወጌሻ ጋ ልትሄድ እንደሆነ እኅትህ ስትነግረኝ እንቅልፌን አጣሁ። እንዳትታሽ! ወጌሻ የእጅና የእግር ወለምታ ያውቅ ይሆናል። አከርካሪ ግን ሌላ ነው።

አጎትህ ለምን እንደማይራመድ ማንም በደንብ አልነገረህም። ከባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ወደቀ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ እዚያው ሥር ቆሜያለሁ። እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዎቹ ሊረዱት ብለው እጅና እግሩን ይዘው አንጠለጠሉት። ወጌሻው መጣና በጉልበቱ ተጭኖ "አቃናው"። የተሰበረ አጥንት እኮ ነው! ከዚያ ወዲያ እግሮቹ አልታዘዙትም። ሳይነቀንቁት፣ ሳንቃ ላይ ቀጥ አድርገው ሐኪም ቤት ቢያደርሱት ኖሮ እላለሁ፣ እስከ ዛሬ። ህብለ ሰረሰር፣ በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ አንዴ ከተቆረጠ ሐኪም አይቀጥለውም።

ያንተ ዲስክ ይመስለኛል። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ነገር ወጥቶ ነርቭ ሲጫን እንዲህ ይነዝራል። አትፍራ የኔ ዓለም፤ ብዙው ሰው ያለ ኦፕራሲዮን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ግን አልጋ ላይ ተዘርግተህ አትክረም፣ ቀስ እያልክ ተራመድ። ማስታገሻውን በባዶ ሆድ አትዋጥ፣ ጨጓራህን አውቀዋለሁ። ኩንታል የሚባል ነገር እንዳትነካ።

ሽንት እምቢ ካለህ ወይም ካመለጠህ፣ በጭንህ መሃል ከደነዘዘህ፣ እግርህ ከዛለ፣ ነገ አትበል። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ግባ። ከዘገየ ኦፕራሲዮኑም ላይመልሰው ይችላል።

ሌሊት ያልብሃል እንዴ? ከስተሃል? የአከርካሪ ቲቢም ስላለ ነው የምጠይቅህ። እሱም በመድኃኒት ይድናል፤ ግን እስከ አንድ ዓመት ሳያቋርጡ መዋጥ ነው። እንዲህ ያለ ጀርባ ሲረገጥ ማሰብ እንኳ አልፈልግም።

ጎንደር ና። ሐኪም ይይህ፣ ኤምአርአይ፣ የጀርባህን ውስጥ የሚያሳየው ምስል፣ ያስፈልግ እንደሆነ እሱ ይወስን። ፊዚዮቴራፒ እኔ ራሴ አመላልስሃለሁ። መኪና ላይ ከፊት ተቀመጥ፤ ሸህዲና አይከል ላይ ወርደህ ትንሽ ተራመድ። ሻንጣህን ረዳቱ ያንሳልህ። አዘዞ ስትደርስ ደውል፣ ወንድምህ ይቀበልሃል።

እስከዚያ እንዳትታሽ፣ በማርያም!

እናትህ