ናያግራን ለማየት ስትመጡ

ቶሮንቶ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ቪዛው መምጣቱን ስሰማ እልል ነው ያልኩት። እማዬ ከአሁኑ «ፏፏቴውን መቼ ነው የምናየው?» ትላለች አልሽኝ። ጢስ ዓባይ አጠገብ ላደገች ሴት ናያግራን ማስጎብኘት ድፍረት ነው! ግን እንሄዳለን።

ፏፏቴው ያለው የካናዳና የአሜሪካ ድንበር ላይ ነው። ሬይንቦ የሚባለውን ድልድይ ሰው በእግሩም ይሻገረዋል። የእናንተ ቪዛ የካናዳ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ዓይናችሁን አትጣሉ። ደግሞም አይቆጭም። ትልቁ፣ ሆርስሹ የሚሉት ፏፏቴ አብዛኛው በካናዳ በኩል ነው። የአሜሪካኖቹም ቢሆን ፊት ለፊት የሚታየው ከኛ በኩል ነው። አደራ፣ እዚያ ስንደርስ ሮሚንግ አጥፉ፤ ስልኩ ሳይታወቃችሁ የአሜሪካ ኔትወርክ ይይዝና ሂሳቡ ጉድ ያፈላል።

ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰመር ላይ ቅዳሜና እሁድ መንገዱ አያስኬድም፤ በሥራ ቀን ፈቃድ እወስዳለሁ። ፏፏቴው ሥር ያለው ፓርኪንግ ኪስ ያራቁታል፤ መኪናውን ራቅ አድርገን በአውቶቡስ እንገባለን። ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ያኔ ፀሐይ ከጀርባችን ስለምትሆን ቀስተ ደመናው ይወጣል። ሲመሽ ደግሞ ባለቀለም መብራት ይለቁበታል።

ዳር ቆሞ ማየት በነፃ ነው። የሚያስከፍለው ጀልባው ነው፤ ፏፏቴው ሥር ድረስ ይወስዳል። የላስቲክ ካፖርት ይሰጣሉ፤ እግር ግን መራሱ አይቀርም። እማዬ ነጠላዋን መኪና ውስጥ ትተወው። ጀልባ እፈራለሁ ካለች መናፈሻው ውስጥ ትቀመጥ፣ ጢሱ እዚያም ይደርሳታል። ብርዱ ሲገባ ጀልባው ስለሚቆም ትኬታችሁን ለሰኔ ወይም ለሐምሌ ቁረጡ። የዚያ አካባቢ ምግብ ውድ ነው፣ ጣዕምም የለው። ፍርፍር ይዘን እንሄዳለን።

እማዬ «የኛ ይበልጣል» ማለቷ አይቀርም። የዚህኛው ቁመት 57 ሜትር ገደማ ነው፣ ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ውሃው ግን እዚህም ለመብራት ይጠለፋል። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ውል፣ በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን ቢያንስ በሰከንድ 2,800 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ መውረድ አለበት። ሌሊትና በብርዱ ወራት ግማሹ ይበቃል። ለዚህ ነው ሳይመሽ እንድረስ የምለው።

የእማዬን የጫማ ቁጥር ቶሎ ላኪልኝ፤ የማያንሸራትት ልግዛላት።

ወንድምሽ