እትዬ፣ ሃይማኖቴን አልለወጥኩም

ዴንቨር፣ ጥር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

እትዬ፣ እንደምን ከረማችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ሰላምታውን በዚሁ ልለፈው፤ ፎቶውን አይተሽ "ሃይማኖትሽን ለወጥሽ ወይ?" ያልሽበትን መልእክት ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አልለወጥኩም። ጴንጤም አልሆንኩም፣ አይሁድም አልሆንኩም። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ልጅሽ በኢሞ ያገኘችውን ፎቶ የላከችላት ትልቋ ልጄ ናት። ከኋላዋ የኖኅ መርከብ የተሳለበት ግድግዳ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት ክፍል ነው። አዎ፣ እዚያ ነበርን። ትንንሽ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች ያሉበት ደግሞ ምኩራብ ነው። እዚያም ነበርን። የሄድነው ግን ለጸሎት አይደለም፤ ማደሪያ አጥተን ነው።

"ብሩን ያስቆሙሽ አዲሶቹ ወንድሞችሽ ናቸው ወይ?" ያልሽው ግን አንጀቴን ነው የቆረጠው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ዌስተርን ዩኒየን ደጅ የማልሰለፍበት ጊዜ ነበር? የእማዬ የዓይን ቀዶ ጥገና፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የማሙሽ ኮሌጅ። እየቆጠርኩብሽ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እየቆጠርኩብሽ ነው፤ አንቺም እኮ ቆጥረሽብኛል።

እንግዲህ ልንገርሽ፤ ላንቺ ብቻ ነው። ለእማዬ የምትያትን መጨረሻ ላይ እጽፍልሻለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ከአፓርታማችን አስወጡን። የዚህ ከተማ ኪራይ ኮንትራቱ በታደሰ ቁጥር ይጨምራል። ባለቤቴ ወገቡን አሞት ሥራ ሲያቆም የእኔ ደመወዝ ብቻውን አልቻለውም። ያኔ በነበረው የዚህ ስቴት ሕግ ኪራይ ያሳለፈ ሰው በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፍበትና 3 ቀን ነበር የሚሰጠው። 3 ቀን! በዚያ ውስጥ ካልከፈልሽ ፍርድ ቤት ነው፣ ቀጥሎ ሸሪፍ የሚሉት ፖሊስ መጥቶ ያስወጣሻል። ከዕቃው ግማሹን ስቶሬጅ፣ የኪራይ ዕቃ ማስቀመጫ፣ አስገባን፣ ግማሹን ትተን ወጣን። ትንሽ ሰሞን ሞቴል ነበርን። ብሩ ሲያልቅ ደግሞ... እሱን ተይው። አልፏል።

መጠለያ ፈልገን ነበር። ያገኘነው ሁሉ ወንዱን ለብቻ፣ ሴትና ልጆችን ለብቻ ነው የሚያሳድረው። ትንሹ ያለ አባቱ እንቅልፍ አይወስደውም፤ በዚያ ላይ ባለቤቴን የት አድሮ ይሆን እያልኩ ሳስብ ላድር ነው። ያዳነችን በልጅቷ ትምህርት ቤት በኩል ያገኘናት ሴት ናት። እዚህ አገር በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 የወጣ ሕግ አለ፤ ቤት ያጣ ልጅ የትም ይደር፣ ከለመደው ትምህርት ቤት አይወጣም፣ መመላለሻም ያቀርቡለታል። ይህችን ጉዳይ የምትከታተለው ሴት ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር ጻፈችልኝና "እነዚህ አይለያዩአችሁም" አለችኝ። ድርጅቱ ፋሚሊ ፕሮሚስ ይባላል።

አሠራሩን በእማዬ የሚካኤል ማኅበር አስቢው። ጽዋው በዚህ ወር እነ እገሌ ቤት ነው፣ በሚቀጥለው እነ እገሌ ቤት። እዚህ የሚዞረው ጽዋው ሳይሆን እኛ ነን። አንድ አካባቢ ያሉ 13 ያህል ቤተ እምነቶች ይስማማሉ፤ ካቶሊኩ፣ ሉተራኑ፣ ሜቶዲስቱ፣ ምኩራቡ። እያንዳንዳቸው በሦስት ወር አንዴ ለአንድ ሳምንት አራት አምስት ቤተሰብ ያስተናግዳሉ፤ በጠቅላላው ከ14 ሰው አያልፍም። 13 በ4 ሲባዛ 52 ነው፤ ዓመቱ ሞላ ማለት ነው። አዲስ ሕንፃ መሥራት አላስፈለጋቸውም። የሰንበት ትምህርት ክፍሎቹ ድሮም ሳምንቱን ሙሉ ባዷቸውን ነው የሚያድሩት።

የጀመረችው ካረን ኦልሰን የምትባል የኒው ጀርሲ ሴት ናት። በፈረንጆቹ 1982 ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራ ስትመላለስ ሁልጊዜ የምታያትን አንዲት የጎዳና ሴት አንድ ቀን ቆም ብላ ሳንድዊች ገዛችላት፤ ከዚያም ተቀምጠው አወሩ። በኋላ እሷው ሰፈር ውስጥ ቤት ያጡ ቤተሰቦች እንዳሉ ስትሰማ የየሃይማኖቱን ሰዎች ሰብስባ ለመነች። በ1986 ሥራው ተጀመረ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ 200 በሚያህሉ ቦታዎች አለ። ይህን የነገረኝ ሌሊት አብሮን የሚያድር አንድ ሽማግሌ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ከእኛ ጋር ያድራሉ። ሽማግሌው ተጣጣፊ አልጋውን ኮሪደር ላይ ዘርግቶ ይተኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ባየው ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ሰውየው ምን ሆኖ ነው የሚነሳው ብሎ ጠይቆኛል። "በእኛ አገር ለትልቅ ሰው ይነሳል" አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሱም ለባለቤቴ ይነሳል። ሁለቱም ብድግ ቁጭ ሲሉ ማየት ነው!

ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ቫኑ ይመጣል። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት፣ እኛን ወደ ቀን ማዕከሉ ያደርሳል። ሻወሩ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ኮምፒውተሩ እዚያ ነው። ደብዳቤም በእዚያ አድራሻ ይመጣል። ማታ ተመልሰን ወደ ሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን። እሑድ ሲመጣ ሻንጣ ጠቅልለን ወደሚቀጥለው። ክፍላችን በር ላይ የቤተሰባችንን ስም በወረቀት ጽፈው ይለጥፉልናል። ውስጥ አራት አልጋ አለ፣ ዙሪያውን የሕፃናት ወንበር። ባለቤቴ እዚያች ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ጫማውን ሲያስር አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ስለ ምግብ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። የገባነው በነቢያት ጾም ነው። የመጀመሪያው ማታ ዶሮና አይብ ሠርተው ጠበቁን። አልበላም ስል ሴትየዋ የሚያማት መሰለኝ። እንደምጾም ሳስረዳት በነጋታው ምስር ቀቅላ መጣች። ጨው የለው፣ በርበሬ የለው፣ ግን ምስር ነው። ከእኛ ጋር አንዲት ሶማሊያዊት ከነልጆቿ አለች፤ እሷም ሥጋ በመጣ ቁጥር ትጠይቃለች። ስልክ ላይ ቂብላ፣ የስግደቱን አቅጣጫ፣ ስትፈልግ የካቶሊኮቹ አስተናጋጅ አብሯት አዳራሹ መሃል ይዞር ነበር። ፈረንጆቹ ይህን ሁሉ እንደ ተአምር ነው የሚያዩት። እኔ ደሴ ያደግሁት ምኑ ይገርመኛል? ሐጂ ቤት ሠርግ ሲኖር ለእኛ ለብቻው ይታረድ አልነበር? እኛስ ለእነሱ? የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የፈረንጆቹን ገና ሳምንት ተራውን የወሰደው ምኩራቡ ነው። ክርስቲያኖቹ በዓላቸውን ከቤተሰባቸው ጋር እንዲውሉ አይሁዶቹ እኛን ያዙ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ የራሳችንን ምግብ ማስገባት አይቻልም፣ ሥጋና ወተት አይገናኝም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አልበላ። ለአብሳዮቹ እንደ እኔ የቀለለ እንግዳ አልነበረም።

ግን እትዬ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ብዬ አልሸነግልሽም። ማመስገን ይደክማል። በየሳምንቱ አዲስ ሰው፣ አዲስ ፈገግታ፣ አዲስ "ከየት ነው የመጣችሁት?" ሥራ ውዬ መጥቼ ዝም ብዬ ልቀመጥ አልችልም፤ ሳህን ላጥብ እላለሁ፣ "አንቺ እንግዳ ነሽ" ይሉኛል። የራሴን ሽሮ በራሴ ድስት ላይ ማንተክተክ ነው የናፈቀኝ። አንዳንድ ጠዋት ተራራው በረዶ ለብሶ ሳየው ጦሳ ይመጣብኛል፣ ያ የደሴ ጉም፣ እማዬ ከሰሉን ደጅ አውጥታ ስታራግብ... እንዲህ ስጽፍ አስለቀስኩሽ መሰለኝ። ይቅር።

"እዚያ የሞላው የአገር ሰው የት ሄዶ ነው?" ትይኛለሽ። አለ። ብነግራቸው ያዋጡልኝ ነበር፣ ይህን አልክድም፤ ሰው ሲሞት አስከሬን አገር የሚልኩት እነሱ ናቸው። ግን ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነገረ ነገር ነገ ደሴ ፒያሳ ይሰማል። እማዬ ከጎረቤት አፍ ትስማው? አባን ብቻ ነገርኳቸው፤ በሌላ እምነት ቤት ማደር ኃጢአት ይሆንብኝ እንደሆነ ጠይቄ። "ልጆችሽን ይዘሽ ተኚ፣ ማተብሽን ብቻ እንዳትፈቺ" አሉኝ። ገናን ሌሊቱን ቆመን አስቀድሰናል። ቫኑ በዚያ ሰዓት ስለማይሠራ ያደረሰን ያው ኮሪደር ላይ የሚተኛው ሽማግሌ ነው። በር ላይ አውርዶን ነጠላዬን እያየ "ያምራል" ብሎ ሄደ።

አሁን ወደ ደጉ ወሬ። ቤት ተገኝቷል። ኬዝ ማናጀር የሚሏት ሴት ከእኛ ጋር ተቀምጣ ዕዳችንን በዕዳ፣ ወጪያችንን በወጪ ለየች። ፍርድ ቤት የተመዘገበ ነገር ስላለብን አከራዮቹ ስማችንን ሲያዩ ይዘጉብን ነበር። እሷ ደውላ፣ ለምና፣ ዋስ የሚሆን ደብዳቤ ጽፋ አንዱን አሳመነችው። ዲፖዚቱን፣ የቤቱን ማስያዣ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች ተጋሩት። አልጋና ጠረጴዛው ከምኩራቡ ሰዎች ነው። ባለቤቴም ቀለል ያለ ሥራ ጀምሯል፤ ፓርኪንግ ጥበቃ ነው፣ ወገቡን አያስጎነብሰውም። ቁልፉን ጥር 24 እንቀበላለን። ሁለት ክፍል ነው፣ ምድጃ አለው!

እንግዲህ የማሙሽ ሠርግ። ከቁልፉ አምስት ቀን ቀድሞ መዋሉ የእኔ ዕድል ነው። ኩርፊያውን ሰምቻለሁ። በጀርባዬ አዝዬ ሸዋ በርን ያሻገርኩት ልጅ ሚዜዎቹን እንኳ ሳይነግረኝ ሠርጉ ደረሰ። ሙሽሪት የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ሸጋ ናት አሉኝ፤ እውነት ነው? እናቷስ እንዴት ናት? ለእማዬ ትሆናታለች? የበሬውን ነገር እኔ ላይ አትጣሉት፣ አሁን አልችልም። ትንሽ ነገር ግን ሰኞ በአንቺ ስም ይደርሳል፤ ለእማዬ ቀሚስና ለድንኳኑ ኪራይ ጎደሎ ይሁን። ይህን ላክሽ ብለሽ እንዳትቆጪኝ፣ ከልጆቹ አፍ የነጠቅኩት አይደለም። ቀሪውን ለፋሲካ አያለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።

እማዬ ስኳሯን እየለካች ነው? በጾሙ መድኃኒቷን ዘልላ እንደነበር ከድምጿ ገብቶኛል፣ አትዋሹኝ። ለንስሐ አባቷ ንገሪያቸው፣ እሳቸው ካሏት ትሰማለች። ስለ ፎቶው "ቤት እስኪለወጥ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነበሩ" በያት። ውሸት አይደለም። "የማን ማረፊያ?" ካለች "የቤተ ክርስቲያን" በያት፣ እሱም ውሸት አይደለም። የምኩራቡን አታንሺባት።

ለማሙሽ ግን ሁሉንም ንገሪው። ከሰማ በኋላ ከተኮራረፈኝ እኔም አኮርፈዋለሁ።

በሠርጉ ቀን ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ ሲገባ በኢሞ ደውዪልኝ። እናንተ ጋ 8 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ ነቅቼ እጠብቃለሁ። ኔትወርኩ ቢቆራረጥም አትዝጊው፣ የእልልታው ድምፅ ይበቃኛል። ስልኩን ብቻ ለዚያች አጎታችን ሚስት እንዳትሰጪያት፣ ስለ ቤት ኪራይ ትጠይቀኛለች።

ታናሽ እህትሽ