ለማዕድን ሚኒስቴር፦ ድንጋዩ ሲሚንቶ ከመሆኑ በፊት

ጉዳዩ፦ የኖራ ድንጋይ ካባ ከመከፈቱ በፊት ናሙና እንዲቀመጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የጂኦሎጂ መምህር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር አንድ የኖራ ድንጋይ ገደል ከሥር እስከ ጫፍ ሜትር በሜትር ለክተን ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ናሙና ልንወስድ ስንመለስ ገደሉ የለም። በፈንጂ ተነስቶ የጠጠር ክምር ሆኗል። ሠራተኞቹ ሻይ ጋበዙን። ምን ልበላቸው? ፈቃድ አላቸው፤ ድንጋዩን አቆዩት ያላቸውም የለም።

ሲሚንቶ ይቅር አልልም። ሲሚንቶ ሲጠፋ ምን እንደምንሆን ሁላችንም አይተነዋል። የምለው ሌላ ነው፦ ድንጋዩ የጥንቱን ባሕር ታሪክ ስለያዘ ከመፈጨቱ በፊት ናሙናው ይቀመጥ። ታሪኩን እንዴት እንደያዘ ላስረዳ።

ባሕር ውስጥ የሟሟ ዩራኒየም አለ። ውሃው ኦክሲጅን እስካለው ድረስ ሟሙቶ ይኖራል። ኦክሲጅን ሲጠፋ ግን ጠባዩ ይለወጥና ከታች ከደለሉ ጋር ይቀበራል። ሲቀበር ደግሞ ያዳላል፤ ከሁለቱ አይሶቶፖች (በክብደት ብቻ ከሚለያዩ የዩራኒየም ዓይነቶች) ከባዱ፣ ዩራኒየም 238፣ ይበልጥ ይወርዳል። ውሃው ውስጥ በሚቀረው ዩራኒየም ዘንድ የቀላሉ፣ የዩራኒየም 235፣ ድርሻ ትንሽ ከፍ ይላል። በዚያን ጊዜ ባሕሩ ውስጥ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ያንን ሚዛን እንደያዘ ይደርቃል። ልዩነቱ ከ10 ሺህ ጥቂት እጅ ብትሆን ነው፤ ግን ትለካለች።

ደስ የሚለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ዩራኒየም ባሕር ውስጥ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ይቆያል። ውቅያኖሶች እርስ በርስ ለመቀላቀል ግን ከ1 እስከ 2 ሺህ ዓመት ይበቃቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ገደል የተወሰደ ጥቂት ግራም ዱቄት የሰፈሩን ሳይሆን የዓለሙን ባሕር ነገር ይናገራል። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት አብዛኛው የባሕር ፍጥረት ሲያልቅ ኦክሲጅን የሌለው የባሕር ወለል እንደሰፋ የቻይና የኖራ ድንጋዮች የመሰከሩት በዚህ መንገድ ነው።

እኛ ደግሞ ከዚያ በጣም የሚያረጅ አለን። ነጋሽን ብዙ ሰው በመስጊዱ ነው የሚያውቃት። ለጂኦሎጂ ሰው ግን ነጋሽና ተምቤን ማለት ምድር በበረዶ ከመሸፈኗ በፊት የነበረ ባሕር ማለት ነው። በረዶው የመጣው ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በረዶው ትቶት ከሄደው ድንጋይ ሥር የኖራ ድንጋይ አለ፣ በመሃሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ገብቶበታል። አመዱ ውስጥ ያለው ዚርኮን የሚባል ደቃቅ ማዕድን ዕድሜውን ይነግራል፤ ድንጋዩ የባሕሩን ሁኔታ ይነግራል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። እርግጥ የተምቤን ድንጋይ በመሬት ውስጥ ሙቀትና ጫና አልፏል። ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና የጥንቱን ምልክት መጠበቁ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት። ለዚህም ነው ብዙ ናሙና የምንፈልገው።

ውድ መሣሪያ ግዙልን አላልኩም። ፈቃድ ጠያቂው ለፍለጋ ሲቆፍር ከጉድጓዱ ሲሊንደር የመሰለ ድንጋይ ይወጣል። ለሁለት ይሰነጠቃል። ግማሹ ለምርመራ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ግማሹ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ያ ቀሪ ግማሽ ለእኛ ወርቅ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ አልነካውም። ኩባንያው ሥራውን ሲጨርስ ሣጥኑን ለጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ያስረክብ፤ ይህም የፈቃዱ ግዴታ ይሁን። ቁፋሮ በሌለበት ቦታ ደግሞ ፈንጂው ከመግባቱ በፊት ከየሜትሩ አንድ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ይነሳ፤ ከፍታውና ቦታው ይጻፍበት። ነጋሽና ተምቤን ላይ ግን ከሥር እስከ ላይ ያልተቋረጡ ጥቂት ገደሎች ተመርጠው ጭራሽ ባይነኩ እመርጣለሁ።

የሚለካና የሚመዘግብ ሰው ከጠፋ ተማሪዎቼ አሉ። መዶሻውንና የአሲድ ጠርሙሱን ይዘን እንመጣለን። ከእናንተ የምንፈልገው ደብዳቤና የመጋዘን ቁልፍ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦሎጂ መምህር