ጥርስ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች፦ የሳይንስ ክበባችን ዓመት

ጥቅምት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ አያቴ ድዳቸው ሸሽቶ የጥርሳቸው ሥር ወጥቷል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡ ያማቸዋል። ጥርስ እንደ ድንጋይ ደረቅ ነገር አይደል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ይህንን ጥያቄ ስንከተል ነው።

ደሴ ውስጥ ካለ ሥጋ ቤት የበሬ የታችኛ መንጋጋ ለመንን። በሬ ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው ከታች ነው የሚገኘው። የጥርስ ተመራማሪዎችም ብዙ ጊዜ በሰው ጥርስ ፈንታ የሚሞክሩት በበሬ ጥርስ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሥራቸው ከበደባቸው፤ ደስም አላቸው።

ሥሩን በመጋዝ ቆርጠን፣ በውኃ እያረጠብን በብርጭቆ ወረቀት አሳሳነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሰበረብን። «አብሽሩ፣ ይሳካል» እየተባባሉ ቀጠሉ። ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ ቁራጭ ሲገኝ አድርቀን በ400 እጥፍ አየነው። ከመሃሉ ወደ ውጭ የተዘረጉ፣ ጥቅጥቅ ያሉ ጥቁር መስመሮች! ጥቁር የመሰሉት ቱቦዎቹ ደርቀው አየር ስለገባባቸው ነው።

የሰው ዴንቲንም፣ ማለትም የጥርሱ ዋና አካል፣ እንዲሁ ነው። ቱቦው ነርቩ አጠገብ 2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያህል ይሰፋል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ወደ 1 ማይክሮን ይጠባል። ወደ ሥሩ ጫፍ ደግሞ ቁጥራቸው ይሳሳል። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ሥሩ ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱን አናት የሚሸፍነው ጠንካራ ልባስ፣ የለውም፤ የሚሸፍነው ሴመንተም የሚባል ስስ ልባስ ሲፋቅ ቱቦው አፉን ይከፍታል። ቅዝቃዜ ሲነካው ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ ነርቩ ይቀሰቀሳል። የአያትየው ሕመም ይኸው ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የጥርስ ሙሌትን ጥርስ ላይ ወደ ማጣበቅ ገባን። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ክፍል ይህ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ማይክል ቡኖኮር በ1955 እ.ኤ.አ. ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ አሻክሮ ሙሌት እንዲይዝ አደረገ። ዴንቲን ግን እርጥብ ነው፤ በክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ማዕድን፣ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል እንደ ክር ያለ ፕሮቲንና ውኃ ነው። አሲዱ ማዕድኑን ሲያጥበው የኮላጅን መረብ ብቻ ይቀራል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ናካባያሺ በ1982 እ.ኤ.አ. ማጣበቂያው እዚህ መረብ ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ የሁለቱ ድቅል ንብርብር እንደሚፈጠር አሳየ። ለልጆቹ በእንጀራ ነው ያስረዳሁት፦ ዓይን የሌለው እንጀራ ወጥ አይዝም።

አንድ የጥርስ ሐኪም መጥተው በአሲድ ያሻከሩትን አንዱን የዴንቲን ቁራጭ በአየር ክው አድርገው አደረቁ፣ ሌላውን በትንሹ እርጥብ ተዉት። ሁለቱንም ማጣበቂያ ቀብተው በሰማያዊ ብርሃን አጠነከሩ። የደረቀው በጥፍር ሲገፋ ተላቀቀ። እርጥቡ ንቅንቅ አላለም። የጥጥ ጭረት ውኃ ውስጥ ተበትኖ ይንሳፈፋል፤ ሲወጣ ይጣበቃል። የደረቀው መረብም እንዲሁ ተደፍቶ ማጣበቂያውን መግቢያ ነሣው። ልጆቹ «እንደገና! እንደገና!» አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር።

በተረፈ ችግኝ ተክለናል፤ በጥያቄና መልስ ውድድርም ተሳትፈናል።

ሰኔ ላይ በነበረው ዓውደ ርዕይ ተማሪዋ አያቷን ይዛ መጣች። ወንበር አቀረብንላቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱና ረዥም ጊዜ ቆዩ።

«ይሄ ሁሉ ቀዳዳ እኔ አፍ ውስጥ ነው?» አሉ።

«አዎ አያቴ» አለች ልጅቷ፤ ከዚያም ስለ ፈሳሹ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።